ከኖኅ መርከብ ያልወረደ ድርሰት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደጻድቅ፣

የጅቡቲ ሙቀት እርስዎን ሳያቀልጥ፣ የባሕሩም ንፋስ ባርኔጣዎን ሳይነጥቅ ይህች ደብዳቤ ትድረስዎ። እኔም፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ፍየል ደኅና ነን። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ ቢጎድልብንም በመጀመሪያው ደብዳቤ አይጻፍም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና «የአክስቴ ልጅ ወልደጻድቅ የዘራችን ብዕር ነው» ይል ነበር። ስለዚህ የብዕር ወሬ ሲገጥመኝ ለሌላ ለማን እነግራለሁ? ቀን ፋብሪካ ክር እቀጥላለሁ። ማታ ደግሞ ከዚራ ሰፈር ካለው የማታ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና አለ። ያን ካለፍኩ መምህራን ማሠልጠኛ እገባለሁ፤ ካላለፍኩ ክሩ አለ፣ የትም አይሸሽም።

የአማርኛ መምህራችን አቶ አየነው ይባላሉ። አዲስ ሥርዓት አምጥተዋል፤ የድርሰት ረቂቅ እሳቸው ሳያዩት በፊት በክፍል ጓደኞች ይነበባል፣ ጓደኛም አስተያየት ይሰጥበታል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለፋራህ ነው። ፋራህ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልዎ እሱ ነው። ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አንድ ገጽ ጻፈ፤ ወረቀቱም በየጠረጴዛው ዞረ። እንግዲህ ጋሼ፣ የሰው ወረቀት ባዶውን መመለስ ነውር አይደለም? ሁሉም እንደ አቅሙ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር አዋጣ። ዚነት፣ መጋላ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጠው፣ ስለ ሐር አንድ ጨመረችለት። ከኋላ የሚቀመጡት ሰውዬ ተረት ሰጡ። አንዱ ገና ላልተሠራ ድልድይ ምስጋና አቀረበ። እኔም እንዳልታማ ምርቃት አከልኩ። ጎርፉ ከፋራህ እጅ ሲነሣ ጎርፍ ነበር፤ መምህሩ ዘንድ ሲደርስ ሠርግ ሆኗል።

አቶ አየነው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «አራስ ጥየቃ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አሉ። «ሁሉም ገንፎውን ይዞ ገባ፤ ልጁ ይተነፍስ እንደሆነ ያየ የለም!»

ከዚያ ሕግ ደነገጉ። አንባቢ መጀመሪያ የገባውን በራሱ ቃል ይናገር። ቀጥሎ የት ላይ እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ ያሳይ። በመጨረሻ ጸሐፊው ሊሠራው የሚችለውን አንድ ነገር ይጠቁም፤ አንድ ብቻ። ወረቀቱን እንጂ ጸሐፊውን መንካት የለም። ማመስገን ያማረውም የቱን መስመር እንደሚያመሰግን ጣቱን ያስቀምጥ።

ሰው ወደ ጅቡቲ ሲጽፍ ሽቶና ሻሽ ይለምናል። እኔ የምለምንዎ ጥሩ እርሳስ ነው። ላጲስ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከእንግዲህ ብዙ የምናጠፋ ይመስለኛል።

ታዛዥዎ ቦጋለች


ጅቡቲ፣ ኅዳር 29 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለች፣

ሰላመ እግዚአብሔር ቤትሽን ከመሠረቱ እስከ ጣራው ይሙላው። እኔ በጤናና በክብር አለሁ፤ ክብሩ ከጤናው ይበልጣል።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስሁት። ተማሪ ተማሪን ሊያርም! ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ፤ ድሬዳዋ ገደል ባይኖር ደቻቱ አለላችሁ። በእኛ ዘመን መምህሩ ያርም ነበር፣ ተማሪው ያለቅስ ነበር፤ እዚህ ክብር ላይ የደረስነውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

የወንድሜን ልጅ ከእንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት ጥዬ አልተኛም። ስለዚህ «የዕውቀት ብርሃንነትና የድንቁርና ጨለማነት» የተሰኘ ባለ ሰባት ገጽ ድርሰት ደርሼ ልኬልሻለሁ። በእጅሽ ገልብጠሽ፣ በስምሽ ፈርመሽ ለመምህሩ ስጪ። አራት ነጥብ እንኳ እንዳትቀንሺ፤ እያንዳንዷ ታስቦባታል። ጓደኞችሽ ሲያነቡት የሚሆኑትን ሁሉ ልቅም አድርገሽ ጻፊልኝ፤ በተለይ መክፈቻው ላይ ትንፋሻቸው ይያዝ እንደሆነ።

እርሳሱን ልኬያለሁ። ላጲስ የሌለው ነው፤ የእኛ ዘር አያጠፋም።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ ጥር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደጻድቅ፣

እንኳን ከልደቱ በዓል አደረሰዎ፤ ለጥምቀቱም ያድርስዎ። መልሴ የዘገየው ገና መጥቶብኝ ነው ልልዎ ነበር፤ ነገር ግን ገና የሚውለው አንድ ቀን ነው፣ እርስዎም ያውቁታል።

ድርሰትዎን በስሜ መስጠት አልሆነልኝም። መገልበጡንስ ጀምሬው ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ «ጢሜን ካበቀልሁበት ጊዜ ጀምሮ» ይላል። አራት ነጥብ እንኳ እንዳልቀንስ አዝዘውኛል፤ ታዲያ ጢሙን ምን ላድርገው? ደግሞም ጋሼ፣ እውነቱን ልናገርና ፈተናውን የምፈልገው ለእኔ ነው። በእርስዎ ብዕር ካለፍኩ ማሠልጠኛ የሚገቡት እርስዎ ነዎት።

እንዲሁ እንዳይቀርም በእርስዎ ስም አቀረብኩት። አቶ አየነው «የላከው ተማሪያችን ነው ማለት ነው» ብለው ከስም መጥሪያው ላይ አስገቡዎ። አሁን ማታ ማታ ስም ሲጠራ «ወልደጻድቅ?» ይላሉ፤ ፋራህ ከመስኮቱ ሥር «ጅቡቲ!» ብሎ ይመልሳል።

ድርሰቱ በክፍሉ ሁሉ ተነበበ። ብዙ ተባለበት። እናቴን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። የዘንድሮ ብርቱካን እጅግ ጣፋጭ ነው።

ታዛዥዎ ቦጋለች


ጅቡቲ፣ ጥር 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለች፣

የእናትሽን ጉልበት መድኃኔዓለም ያጽናው፤ የአንቺንም ልብ እንደዚሁ።

በዚህ ዕድሜዬ ስምንተኛ ክፍል መግባቴን መጀመሪያ ላይ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ግን «ብዙ ተባለበት» ያልሽውን ቃል ለጓደኞቼ አነበብሁላቸውና ቅሬታዬ ጠፋ። ብዙ የሚባልበት ድርሰት ጥቂት ነው!

አሁን ዋናውን ነገር ስሚ። የእኛ የመረዳጃ ማኅበር በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ጸሐፊ ይመርጣል። ተወዳዳሪዬ ገብረ መድኅን ነው፤ ባለ ሱቅ ነው፣ ንግግሩም መልስ እንደሚመልስ ሰው በሳንቲም ነው። እኔ ሰባቱንም ገጽ አነባለሁ። በየዓመቱ ቆሜ ተናግሬ በየዓመቱ ወድቄያለሁ፤ እንዴት እንደሆነ አይገባኝም፤ ባለፈው ጊዜ ብዙዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡኝ። ዘንድሮ ከወደቅሁ ግን ከሰው ፊት ሁለተኛ አልቆምም። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የነገርሁሽ።

ስለዚህ መምህርሽ «መላው ክፍል በድርሰቱ ተደንቋል» የሚል የምስክር ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ ይስጡኝ። ሽሮም ብትልኪ ጾሙ እየቀረበ ነው።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደጻድቅ፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። ሽሮውን ለፋራህ ሰጥቻለሁ። የምስክር ወረቀቱን ግን አላገኘሁም፤ ያላገኘሁበትንም ምክንያት ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

አቶ አየነው ዘንድሮ ማርክ የሚሰጡት ለድርሰት አይደለም፣ ለአስተያየት ነው። አስተያየቱ ለጸሐፊው ይደርሳል፤ ጸሐፊውም የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ ጽፎ፣ ፈርሞ ይመልሳል። መልስ የሌለው ማርክ የለውም፤ ማርክ የሌለው ለሚኒስትሪ አይመዘገብም። ምዝገባው ሚያዝያ 25 ቀን ይዘጋል። ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ የእርስዎ ድርሰት ነው።

መጀመሪያ «እጅግ ያማረ፣ ከአንጀት የሚገባ» ብዬ ጻፍኩ። ዚነት ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «አቦ ቦጌ፣ ይሄ አስተያየት ነው ከረሜላ?» አለች። «ቀፊራ ገበያ መሀል ቀሚሷ ከኋላ የተቀደደባት ሴት ብታዪ ‹አምሮብሻል› ብለሽ ታሳልፊያታለሽ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ» አልኳት።

«ታዲያ ሰውየው በፋሲካ ማግሥት ገበያ ሊወጣ ነው። ጠጋ በይና በጆሮው ንገሪው!»

እነሆ በጆሮዎ።

የገባኝ ይህ ነው፦ ያወቀ ሰው ላላወቀው ያካፍል ብለዋል። መልካም ነገር ነው። ያገኘሁት ግን ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው።

የቆምኩበት ቦታ፦ ከፍጥረተ ዓለም ተነሥተው አዳምን፣ ቃየንን፣ የውሃውን መብዛት አንድ በአንድ ሲያስረዱ ደከመኝ። ፋራህም «ወላሂ፣ አራት ገጽ ሄጄ ገና ከኖኅ መርከብ አልወረድኩም! እኔ የባቡር ሰው ነኝ፤ መንገድ ሲረዝም ጣቢያ ለምጃለሁ» ብሏል። ዚነት ደግሞ ይህን ሁሉ ገጽ ስታልፍ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ አላጋጠማትም።

ሌላም የቆምኩበት አለ። ስድስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «እኔም ጅቡቲ በገባሁ ዕለት ምን እንደሚል በማላውቀው ውል ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍሁ» ብለው ወዲያው ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ሸሽተዋል። ሌላው ቦታ የቆምኩት ደክሞኝ ነው፤ እዚህ ግን እንዲቀጥሉልኝ ፈልጌ ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው ክፍሉ ሁሉ «ከዚያስ?» አለ። ፋራህ እንኳ ጣቢያ አላማረውም።

አንድ ነገር ቢያደርጉ፦ ከዚህ ጣት ይጀምሩ።

ይህን የጻፍኩት ስለማከብርዎ ነው። ሌላው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ያደምጥዎታል፤ እኔ ገልጬ አነበብኩዎ።

መልስዎን የምጠብቅ፣ ቦጋለች


ጅቡቲ፣ መጋቢት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ቦጋለች፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የላኩት ሽሮ ደርሶኛል። ጨው በዝቶበታል። ስለ ሌላው ጉዳይ የምለው የለኝም።

ወልደጻድቅ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 25 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደጻድቅ፣

በያሉበት ሰላም ይሁኑ፤ ቢቆጡኝም ሰላም ይሁኑ።

«እርስዎ» ያሉኝን አየሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ «አንቺ» ስባል ኖሬ በአንድ ድርሰት ምክንያት አንቱ ተባልኩ። እናቴ ደብዳቤውን ሳነብላት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አንቱ አለሽ? አበቃልን!» አለች። «አሁኑኑ ‹ጥፋቴ ነው፣ ድርሰቱ ግሩም ነው› ብለሽ ጻፊ። የአባትሽን ዘመድ በኖኅ ምክንያት ልታሳጪኝ ነው?» እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ የጉልበቷንም ሕመም በእኔ አሳብባለች።

አቶ አየነውም አዘኑልኝ። «የዚነትን ረቂቅ ውሰጂ፤ ዛሬውኑ መልስ ትሰጥሻለች፣ ትመዘገቢያለሽ» አሉኝ። ዚነትም «አምጪ፣ ገና ሳትጽፊው እፈርምልሻለሁ!» አለች። እምቢ አልኩ። የዚነትን ብይዝ እኔ ማርኬን አገኛለሁ፤ እርስዎ ግን በዳግማይ ትንሣኤ ያንኑ ሰባት ገጽ ይዘው ይቆማሉ፣ ሰዉም ዐይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያም ሁለተኛ አይቆሙም። ይህን እያወቅኩ ለፈተና ብመዘገብ የምፈተነው በምንድን ነው?

እኛ ፋብሪካ ክር ሲበጠስ ማሽኑን አቁመን እንቀጥላለን። ማሽኑም አያኮርፍም፣ ክሩም አያኮርፍም። ያልተቀጠለ እንደሆነ ግን ጉድለቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ አብሮ ይሄዳል፤ ኋላ የለበሰው ሰው ነው የሚታይበት።

ስለ ሽሮው ትክክል ነዎት፣ ጨው በዝቶበታል። ይዩልኝ፣ ይህን በማለታችን አንድም ሰው አልሞተም።

ስለዚህ ከጻፍኩት አንድም ቃል አላነሣም። መቆጣትዎን ግን ይጻፉልኝ። አቶ አየነውን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቁጣም ከነምክንያቱ ከተጻፈ መልስ ነው ብለዋል።

አሁንም ታዛዥዎ፣ ከዚህች ጉዳይ በቀር፣ ቦጋለች


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦጋለች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እግዚአብሔር ምላስሽን ይባርክልሽ፤ ቢቻለው ደግሞ ጥቂት ያሳጥረው። «እርስዎ» ያልሁሽን አንሥቻለሁ፤ አንቺ አንቺ ነሽ።

አንቺስ ዘመዴ ነሽ። ያ ፋራህ የሚሉት ግን ባቡር ጣቢያ ፊቴን ሳዞርበት «አቦ ጋሽ ወልደጻድቅ! የክፍል ጓደኛህን ሰላም አትልም?» ብሎ በሕዝብ መሀል ጮኸብኝ። ጅቡቲ በሙሉ ተማሪ መሆኔን ሰማ።

ለመምህርሽ መልሴ ይኸው ነው፣ ፊርማዬ ከታች አለ። ኖኅን በተመለከተ አስተያየቱን አልተቀበልሁም፤ ኖኅ የተከበረ ሰው ነው። ሰሎሞንንም አልሰጥም። ጣቱን በተመለከተ ተቀብያለሁ። የተቀበልሁት ግን አንቺ ስላልሽ አይደለም፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

በምርጫው ዕለት ሰባቱን ገጽ ይዤ ተነሣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት የፊተኛው ረድፍ ዐይኑን ጨፈነ። ገና ሳልከፍት! ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትሁና ወደብ የገባሁባትን ዕለት ተናገርሁ። የወደቡ ጸሐፊ ጣቴን እንደ ሌባ እጅ ይዞ ቀለሙ ውስጥ ሲነክረው፣ «ስሜን መጻፍ እችላለሁ፣ በቁም ጽሕፈት እችላለሁ» ስለው፣ አማርኛ የሚሰማ አጥቼ ስቀር። ምን እንደፈረምሁ ያወቅሁት ሥራ እለቃለሁ ባልሁበት ቀን «ገና ነህ» ሲሉኝ ነው። ያን ጣት ለሳምንት ከኪሴ አላወጣሁትም።

አንዱ ከኋላ «ሐሰት ነው! እኔን እስክሪብቶ ነው የሰጡኝ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አንተ ትናንት የመጣህ! የእኔን ጣት እይ!» ብሎ ተነሣበት። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን ያወዛውዛል፣ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ይደበድባል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ደስ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን ስናገር «ሐሰት ነው» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ለካ የሰማኝም አልነበረም።

የተመረጠው ገብረ መድኅን ነው። ሙክት አርዶ ነበር። ከሙክት ጋር የሚወዳደር ድርሰት ገና አልተጻፈም። ስወጣ ግን ሁለት የወደብ ሠራተኞች ክንዴን ያዙኝና «ነገ ውል እንፈርማለን፣ መጥተህ አንብብልን» አሉ። ሄጄ አነበብሁላቸው። አንደኛው ፈረመ። አንደኛው አልፈረመም።

ለሚመጣው ዓመት እቆማለሁ። ድርሰቱንም ከጣቱ ጀምሬ እንደገና እየጻፍሁት ነው፤ ኖኅ በሦስተኛው መስመር ይገባል። ስንት ማርክ እንዳገኘሁ ጻፊልኝ።

ወልደጻድቅ (በገዛ እጁ የፈረመ)


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደጻድቅ፣

እርስዎን ከሰው ፊት ያቆመ አምላክ ለሚመጣውም ዓመት ጉልበቱን ይስጥዎ። ገብረ መድኅንንም በጉን ያሳጣው።

መልስዎ ደርሶ ተመዝግቤያለሁ። ስሜ የተጻፈው በምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን ሊያጥፉ ሲሉ ፋራህ ከነባቡር ልብሱ ደብዳቤዎን ይዞ ዘው አለ። አቶ አየነው ከደብዳቤዎቼ ግልባጭ ጋር አንብበው ለእኔ ማርኬን ሰጡኝ። ትንሽ ቀንሰውብኛል፤ «አንድ ብቻ ጠቁሚ ብዬሽ፣ ስለ ጨርቅና ስለ ማሽን ስብከት የጨመርሽው ምንድን ነው?» አሉኝ። የእርስዎንም ማርክ ጠየቅኩ። «ረቂቅ ማርክ የለውም፤ ይጨርሱት» ብለዋል። ከስም መጥሪያውም አልሰረዙዎትም። እናቴ «አንቺ» ብለው መጻፍዎን ስትሰማ ከኩርፊያዋ ተነሥታ እስከ ቀፊራ በእግሯ ሄዳ መጣች።

ከዚህ ጋር የራሴን ረቂቅ ልኬያለሁ፤ ስለ ፋብሪካው ነው። እስከ አሁን የሰውን ሳነብ ነው የከረምኩት፤ የእኔን ፖስታ ውስጥ ስከት ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። እርስዎም አስተያየቴን ሲያነቡ ምን እንደተሰማዎ አሁን ነው የገባኝ። ቢሆንም አልመለስም፤ አሸግኩት።

ፈተናው ሳይደርስ ያንብቡልኝ። የገባዎትን በራስዎ ቃል፣ የቆሙበትን ከነምክንያቱ፣ ከዚያ አንድ ነገር። «ደኅና ነው» ብለው ግን እንዳይጽፉልኝ። ደኅንነቴን በሰላምታው ላይ ይጠይቁኝ፤ ከሰላምታው በታች እንዳይምሩኝ።

የክፍል ጓደኛዎ ቦጋለች